ቀለሃውን ማን ሞላው?

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ጎፈሩም ጋሻውም ከሣጥን ይወጣል። አደባባዩ በፉከራና በቀረርቶ ይሞላል። የነገሥታቱና የራሶቹ ስም በተራ ይጠራል፤ የፈረሶቻቸው ስም ሳይቀር። አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነጋ አሉላ፣ አባ ቃኘው መኮንን፣ አባ ነፍሶ ባልቻ እያለ ሕፃን ልጅ እንኳ በቃሉ ይወጣዋል። ደግ ነው። ጀግናውን የረሳ ሕዝብ ራሱን ይረሳል።

እኛ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ ይዘን መጥተናል። የፈረሱን ስም በቃላችን የያዝን ሰዎች፣ ለመሆኑ የተተኮሰውን የጥይት ቀለሃ ከመሬት ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ባሩድና እርሳስ አጉርሶ ለተኳሹ የመለሰው ሰው ማን ይባል ነበር? አንድ ስም ጥሩልን። አንድ ብቻ!

መልስ የለም። ይህ ጽሑፍም ስለዚያ ዝምታ ነው። የምንጽፈው ደግሞ ከአብነት ነው፤ ከምናለሽ ተራ የመዶሻ ድምፅ የእግር መንገድ ያህል ርቀን። ነገሩ የትናንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ ነው ሰፈራችንን አስቀድመን የነገርናችሁ።

ውጅግራ እንዴት መጣ?

የዛሬ ልጅ "ውጅግራ" ሲባል ከአያቱ ፉከራ የተረፈ አማርኛ ይመስለዋል። ቃሉ ግን ከፈረንሳይ የመጣ ነው። "ፉዚ" ጠመንጃ ማለት ነው፤ "ግራ" ደግሞ መሣሪያውን ያሻሻለው የፈረንሳይ መኮንን ስም። ፉዚ ግራ በአገራችን አፍ ሲታሽ ውጅግራ ሆኖ ወጣ። ስናይደርን ስናድር፣ ማንሊከርን ምንሽር ያደረገ አፍ ለዚህ አያንስም።

ፈረንሳይ ይህን ጠመንጃ ለጦሯ ያደለችው እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ ነው። አንድ አጉርሶ አንድ የሚተኩስ፣ አረሩ 11 ሚሊ ሜትር የሚወፍር መሣሪያ ነው። ጥይቱ እንዳለ ወደ 44 ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 25 ግራሙ የእርሳስ አረር ነው፤ ከ5 ግራም ጥቂት ከፍ የሚለው ጥቁር ባሩድ ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል የናስ ቀለሃው ነው። ይህን ቁጥር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ የማያወጣ ባሩድ ሠራ። በ1886 ደግሞ ፈረንሳይ በዚሁ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል የተባለ ጠመንጃ ያዘች። ሌሎቹም የአውሮፓ መንግሥታት ተከትለው ሮጡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ሁሉ በአውሮፓ መጋዘን ውስጥ "ያለፈበት ዕቃ" ሆኖ ተከመረ። ያለፈበት ዕቃ ደግሞ የት እንደሚሸጥ መርካቶ ላደገ ሰው አይነገርም። በታጁራና በኦቦክ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል በግመል እየተጫነ ወደ ሸዋና ወደ ሐረር ጎረፈ።

ገጣሚው አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 አሮጌ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ እንጦጦ ደርሷል። ምኒልክ ዋጋውን አስቀንሰው፣ የሞተ ሸሪኩንም ዕዳ ቀንሰውበት፣ እያማረረ ተመለሰ። (የግጥም ሰው ከንጉሥ ጋር ዋጋ ሲከራከር ማሰብ ደስ ይላል።)

የተገዛው ብቻ አይደለም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተን በሺህ የሚቆጠር ነው። ጣሊያንም ከምኒልክ ጋር ወዳጅ በነበረችበት ጊዜ በአንቶኔሊ በኩል ሬሚንግተን አቀብላለች፤ ኋላ ስትወጋን ደግሞ ቬተርሊዋን አስማርካለች። የሁሉም ጥይት የናስ ቀለሃ ያለው ነው፤ የአንዱ ግን ለሌላው አይሆንም። አንድ ሠራዊት ውስጥ አራት አምስት ዓይነት ጥይት! ስንቁ የእያንዳንዱ፣ ጥይቱም የእያንዳንዱ።

ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፣ ጥይት ሁልጊዜ ይገዛል

የዚህ ሁሉ ወሬ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ጠመንጃ አንዴ ከተገዛ ለልጅ ይተላለፋል። ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ያልቃል። ጥይቱ የሚመጣው ደግሞ ከባሕር ማዶ ነው፤ ወደቡ የእኛ አይደለም። ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። በ1890 በብራስልስ የተሰበሰቡት መንግሥታት ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ የሚገድብ ውል ተፈራረሙ። ማለትም፣ የጥይታችን ቧንቧ በሰው እጅ ነበር፤ ሲፈልጉ ይከፍቱታል፣ ሲፈልጉ ይዘጉታል።

እንዲህ ባለ አገር ባዶ ቀለሃ ቆሻሻ አይደለም። ባዶ ቀለሃ ሀብት ነው።

ሙያው እንዴት እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንንገር። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሹ የሚበልጠው ጭስና ጥላሸት ይሆናል። ያ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ ናሱንም ይበላዋል። ስለዚህ ቀለሃው ብዙ ሳይቆይ በውሃ መታጠብ አለበት። ሳይታጠብ የከረመ ቀለሃ አረንጓዴ ዝገት ያበቅልና በሚቀጥለው ተኩስ ይሰነጠቃል። ከታጠበ በኋላ አንገቱ ይታያል፤ በተኩሱ ግፊት ሰፍቷልና ተመልሶ መጥበብ አለበት። እዚህ ላይ ነው ባለ እጁ የሚለየው። ናስ በተቀጠቀጠና በተጨመቀ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ናስ ደግሞ ይተረተራል። አንገቱን በልክ በእሳት ያሞቀው ሰው ግን ናሱን መልሶ ያለሰልሰዋል። "በልክ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት፤ እሳቱ ከበዛ እስከ ቂጡ ይለሰልስና ቀለሃው ለተኳሹ አደጋ ይሆናል። ቴርሞሜትር በሌለበት ዘመን ያንን ልክ የሚያውቀው የናሱን መልክ የሚያነብ ዓይን ብቻ ነው።

አረሩ እርሳስ ቀልጦ በቅርፅ ውስጥ ይፈሳል፤ አፈሙዙን እንዳያቆሽሽ ሰምና ሞራ ይቀባል። ባሩዱም ቢሆን እንግዳ ነገር አልነበረም። ከአፈር ታጥቦ ከሚወጣ ጨው መሰል ማዕድን፣ ከድኝና ከከሰል ባሩድ መቀመም በአገራችን ከውጅግራ በፊት የታወቀ ሙያ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የውጭ አገር ሠራተኞችን ከአገር ባለ እጆች ጋር አሰልፈው ሴባስቶፖልን ሲያስቀልጡ፣ የፈለጉት ይህንን ሁሉ በአንድ ቦታ ማዋሐድ ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ቀረ እንጂ።

ከሁሉም የከበደችው ግን ትንሿ ነገር ናት። በቀለሃው ቂጥ ላይ የምትሰካ፣ መርፌው ሲመታት እሳት የምትጭር የመዳብ ቆብ አለች። ባሩድ ይቀመማል፣ እርሳስ ይቀልጣል፣ ናስ ይታጠባል፤ ይህች ቆብ ግን የፋብሪካና የኬሚስትሪ ልጅ ናት። በእሷ ምክንያት የአገር ቤት ሙሊት እንደ ፋብሪካው አይታመንም ነበር። አንዳንዱ ይከሽፋል፣ አንዳንዱ ይዘገያል፣ አንዳንዱ አቅም ያንሰዋል። ለአሮጌ ነጠላ ጎራሽ ጠመንጃ "ቆመህ ጠብቀኝ" የሚል ስም ያወጣ ሕዝብ ይህን ሁሉ ያውቃል። እያወቀም ቀለሃውን ለቀመ፤ ሌላ አልነበረውምና።

ጥይት ገንዘብ ሲሆን

ሌላው እንዲታወቅልን የምንፈልገው ነገር፣ ጥይት ለመተኮሻ ብቻ የሚያዝ ዕቃ አለመሆኑን ነው። ምኒልክ በመልካቸው የተቀረፀ ብር ካስመቱ በኋላም ቢሆን፣ በብዙ ገበያ ላይ ትንሹን ነገር ለመግዛት የሚመነዘረው አሞሌ ጨውና ጥይት ነበር። ማርያ ቴሬዛ ብር ትልቅ ነው፤ በእሱ ሽንኩርት አይገዛም። የግራ ጥይት ግን በጣት ይቆጠራል፣ ከዝናር ወጥቶ ወደ ዝናር ይገባል፣ አይበሰብስም፣ ዝናብ ቢመታውም እንደ አሞሌ አይሟሟም።

እስቲ አስቡት። ገበሬው ዝናሩን ታጥቆ ገበያ ሲወጣ ወገቡ ላይ የታጠቀው ነፍሱንም ኪሱንም ነው። እያንዳንዷ ተኩስ ከኪሱ የምትወጣ ገንዘብ ናት። የኢትዮጵያ ተኳሽ ጥይት አያባክንም ሲባል የምንሰማውን ከጀግንነት ጋር ብቻ እናያይዘዋለን፤ ከኪስ ጋርም ይያያዛል። ቀለሃውን ለቅሞ መመለስም እንዲሁ። ያንን 44 ግራም አስታውሱ፤ ባሩዱ ነድዶ፣ እርሳሱ ሄዶ ሲሶ የሚጠጋው እጁ ላይ ይቀራል። የቀረውም ናሱ ነው፤ አገር ውስጥ ለመሥራት የሚከብደው እሱ ነው። እሱን መጣል ማለት መልሶ ከጅቡቲ መግዛት ማለት ነው።

ባለ እጁና ስድቡ

አሁን ወደ ቆረቆረን ነገር እንምጣ።

ናሱን በልክ የሚያሞቅ፣ እርሳሱን የሚያቀልጥ፣ የተሰበረ ቃታ የሚሠራ፣ የላላ ሰደፍ የሚጠግን ሰው በየሠራዊቱ ኋላና በየመንደሩ ዳር ነበር። ቀጥቃጭ ነው፣ አንጥረኛ ነው። በጎንደር አካባቢ ብዙውን ጊዜ ቤተ እስራኤል ነው፤ በሌላው ቦታ ሙስሊም ነው፣ ወይም መሬት የሌለው ክርስቲያን ነው። ይህን ሰው ቀን ቀን ማረሻና ጠመንጃ እናሠራዋለን። ማታ ማታ ደግሞ "ጠይብ" እንለዋለን፤ ጅብ ይሆናል እንላለን፤ በዓይኑ ይበላል እያልን ልጆቻችንን ከፊቱ እንደብቃለን። ልጁን አናገባም፤ ልጃችንንም አንሰጠውም። ለጠመንጃው ፎክረን ጠመንጃውን የጠገነውን ሰደብን።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። ምኒልክ ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ከአድዋ 12 ዓመት በኋላ ማለት ነው! ድል ያደረገ ንጉሥ፣ ድሉን የሠራለትን እጅ ከስድብ ለማዳን አዋጅ ማስነገር ካስፈለገው፣ ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ራሳችሁ ፍረዱ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ቀረ ወይ? እስቲ በየቤታችሁ ጋብቻ ሲነሣ የሚጠየቀውን ጥያቄ አስታውሱ።

እንግዲህ የዝምታው ምክንያት ይኸው ነው። የቀለሃ ሞይ ስም ያልተጻፈው ጸሐፊ ስለጠፋ አይደለም። ጸሐፊውም፣ አዝማሪውም፣ ፎካሪውም ስሙ ይነሣ ዘንድ የተገባ ሰው መስሎ ስላልታያቸው ነው። ፈረስ ስም ይገባዋል፤ ቀጥቃጭ አይገባውም!

አምስቱ ዓመት

ሙያው በአድዋ አላበቃም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ተመልሳ ስትመጣ የኢትዮጵያ ሠራዊት የያዘው የጠመንጃ ዓይነት ብዛቱ ራሱ አንድ ጠላት ነበር። አዲስ ሞዘር የያዘ አለ፤ የአባቱን ውጅግራ የያዘ አለ። በጥቁር ባሩድ የሚተኩሰው አንዴ ሲተኩስ ነጭ ጭስ ከላዩ ይነሣና "እዚህ ነኝ" ብሎ ለአውሮፕላንና ለመትረየስ ይጠቁማል። የመሣሪያ ማዕቀቡም ከወራሪው ይልቅ የጎዳው እኛን ነው፤ ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራትና።

ከማይጨው በኋላ አርበኛው ሦስት የጥይት ምንጭ ቀረው። አንደኛው ከጠላት መማረክ ነው። ሁለተኛው ከከተማ በስውር የሚወጣው ነው፤ ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉ ሴቶች በአዲስ አበባ ተቀምጠው ጥይትና መድኃኒት ወደ ዱር ያሻግሩ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ያው የድሮው ነው፦ የተኮሱትን ቀለሃ ለቅሞ መልሶ መሙላት። ሁለቱን ምንጮች እናውቃቸዋለን፤ በየመጽሐፉ አሉ። ሦስተኛው ግን በአንድ መስመር ይታለፋል። ጥይት የሚማርክ ጀግና ነው፣ ጥይት የሚያሻግር ጀግና ነው፤ ጥይት የሚሞላው ግን "ባለ እጅ" ነው። አይታያችሁም?

አብነት፣ ምናለሽ ተራ፣ ዛሬ

"እሺ፣ ታሪክ ነው፤ ምን ይሁን?" የሚል አንባቢ አይጠፋም። ወደ ሰፈራችን እንውሰዳችሁ።

መርካቶን ብታውቋትም ባታውቋትም፣ ከአብነት ወደ ምናለሽ ተራ ስትዘልቁ የሚቀበላችሁ መዶሻ ነው። በርሜል ምጣድ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፣ የተሰበረ ብረት በር ይሆናል። "ቆራሌው!" እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ልጅ የሰበሰበው ሁሉ መጨረሻው እዚህ አካባቢ ነው። የከተማዋ ሆድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁሉንም ይፈጫል።

ናስ እዚህ ዋጋ አለው። ነጋዴው ማግኔት ይይዛል። የክላሽ ቀለሃ አብዛኛው ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ይስበዋል፤ እሱ ወደ ብረት ክምር ይሄዳል። ማግኔቱ ያልሳበው ናስ ይለያል፤ ይመዘናል፣ ይቀልጣል፣ የቧንቧ ራስ ይሆናል፣ መስቀል ይሆናል፣ ቃጭል ይሆናል። እንጦጦ ሥር ያሉ ሴቶች የጥይት ቀለሃ ቀልጦ በሚወጣው ናስ የአንገት ጌጥ ሠርተው ባሕር ማዶ ሸጠዋል። ጦር መሣሪያ ጌጥ ሲሆን ማን ይጠላል? እኛም አንጠላም።

ግን በዚያው ማሰሮ ውስጥ የሚገባው የትናንቱ ቀለሃ ብቻ አይደለም። ከአያት ሣጥን የወጣው ወፍራሙ የግራ ቀለሃ፣ የሬሚንግተኑ፣ የቬተርሊው አብሮ ይቀልጣል። የእነዚህን ቂጥ ገልብጣችሁ ብታዩ የሠራው ፋብሪካ ምልክትና ብዙ ጊዜም የተሠራበት ዓመት ተቀርጾበት ታገኛላችሁ። አንገቱን ስታዩት ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተሞላ የእጅ ምልክት አለበት፤ የተጨመቀበት ጭረት፣ በእሳት የተለወጠው መልክ፣ ቆቧ ስትነቀል የቀረው ቁስል። ለማንበብ ለሚያውቅ ይህ ፊርማ ነው። ስሙን ያልጻፍንለት ሰው የተወልን ብቸኛ ፊርማ። እኛ በኪሎ ሸጥነው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ከታሪክ ይልቅ ለነፍስ የቀረበ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት እርሻው ሁሉ ቀለሃ ተዘርቶበታል። ልጆች ለቆራሌው ለመሸጥ ይለቅማሉ። የሚለቅሙት ግን ሁልጊዜ ባዶ አይደለም። ያልተተኮሰ ጥይት አለበት፤ ያልፈነዳ ቦምብ አለበት። እጃቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ሕይወታቸውን ያጡ ሕፃናት አሉ። ከዚያ አምልጦ በጆንያ ተጭኖ ከተማ የገባው ደግሞ እሳት ፊት የሚቀመጠው አቅላጭ ጋ ይደርሳል። ይህ አቅላጭ ጓንት የለውም፣ መነጽር የለውም፣ የቱ ባዶ የቱ ጎራሽ እንደሆነ የሚያሳየው ሰው የለውም። የትናንቱ ቀለሃ ሞይ ስም አልነበረውም። የዛሬው ቀለሃ አቅላጭስ አለው?

አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍ

ይህን አንብቦ የአያቱን ውጅግራ ከግድግዳ ሊያወርድ የሚነሣ ወንድም ካለ፣ እባክህ ቁጭ በል። የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግፊቱ እጅግ ይበልጣል፤ በዚያ አሮጌ ብረት ውስጥ ከገባ አፈሙዙ የተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በሰለጠነው ዓለም በዚህ ሙያ የሚዝናኑ፣ የድሮ ወታደር ጠመንጃ በድሮው ባሩድ እየሞሉ ዒላማ የሚተኩሱ ሰዎች አሉ። እነሱም ይህን ስህተት ከሁሉ በላይ ይፈሩታል። በእኛ አገር ደግሞ ሕጉም አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን፣ መሥራትንና መጠገንን ያለ ፈቃድ አይፈቅድም። እኛም ቀለሃ ሙሉ አላልንም። ሞይውን አስታውሱ ነው ያልነው።

"አገር በጠመንጃ እየደማች ስለ ጥይት ታወራላችሁ?" የሚሉንም ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ንቀን አናልፈውም። ግን ልብ በሉ፤ ጠመንጃን የሚያገነን ወሬ ስለ ተኳሹ ብቻ የሚያወራው ነው። ፎቶው ላይ ዝናር ታጥቆ የቆመውን እንጂ ዝናሩን የሞላውን አያሳይም። ጥይት እንዴት እንደሚገኝ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ ማንን እንደሚያደክም፣ ባዶው ቀለሃ የማንን ልጅ እንደሚጎዳ ያወቀ ሰው ተኩስ አይቀለውም። አያቶቻችን አንዷን ጥይት ከአሞሌ እኩል ሲቆጥሯት፣ ለመተኮስ ከመቸኮላቸው በፊት ያስቡ ነበር። ዛሬ ለሠርግም ለለቅሶም ወደ ሰማይ የምናርከፈክፈው ነገር ለእነሱ የወር ሽሮ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ብዙ አንጠይቅም። አራት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለባለ እጁ ቦታ ይስጠው። ወናፍ፣ ጉጠት፣ የእርሳስ ማቅለጫ፣ የታጠበ ቀለሃ፣ በእሱም አጠገብ ባዶ የስም ሰሌዳ። ሐውልት አንልም፤ አንድ የሥራ ጠረጴዛ ይበቃል። ትምህርት ቤት የሚያስጎበኘው መምህር እዚያ ቆሞ ተማሪዎቹን "ይህ ሰው ማን ይመስላችኋል?" ብሎ ቢጠይቅ ከመቶ ፉከራ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተው ባለሥልጣን ወደ ምናለሽ ተራ ይውረድ። ቢሮ ተቀምጦ ማስታወቂያ ማውጣት አይበቃም። ነጋዴው የድሮውን ቀለሃ ከዛሬው በዓይኑ ይለያል፤ ሙያው ነው። ለይቶ ላስቀመጠው በናስ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምሮ የሚገዛው ካለ አያቀልጠውም። ሕዝቡ ቅርስ አይወድም እያሉ ከመውቀስ በፊት ለቅርስ ከማሰሮው የተሻለ ዋጋ መስጠት ይቀድማል።

ሦስተኛ፣ ለአቅላጩና ለቆራሌው ልጅ የግማሽ ቀን ትምህርት ይሰጥ። ባዶ ቀለሃ ምን እንደሚመስል፣ ጎራሽ ጥይት ምን እንደሚመስል፣ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሲገኝ ሳይነኩ ለፖሊስ መንገር እንደሚገባ። ጓንትና መነጽር ይታደል። የአንድ ስብሰባ የውሎ አበል የማይሞላ ወጪ ነው።

አራተኛው ለሁላችንም ነው። ቀለሃ ሲሞላ በዓይናቸው ያዩ፣ ወይም ካዩት አባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች እየተመናመኑ ነው። በየቤታችሁ ያሉትን ጠይቁ። ስለ ዘመቻው ሲያወሩ አታቋርጧቸው፤ ሲጨርሱ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "አባባ፣ ቀለሃውን ማን ነበር የሚሞላው?" ምናልባት መጀመሪያ ዝም ይሉ ይሆናል። ምናልባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ መንደር ዳር የነበረው ሰውዬ ይሉ ይሆናል። እዚያ ላይ አትለፏቸው። ስሙን ጠይቁ። ስሙን ጻፉት።

የሰፈራችን ስም አብነት ነው፤ ምሳሌ ማለት ነው። ለስሙ ያህል እንኳ ከዚሁ ይጀመር ብለን ነው።

ቸር ያሰንብተን።